ናሙናው አንድ ነው፤ ታዲያ ስርጭቱ ከየት መጣ?

ጠያቂ (የጤና መኮንን ተማሪ)
ሰላም ለሁላችሁ። ባዮስታት (የጤና ስታቲስቲክስ) ላይ የፒ ሃት፣ ማለትም ከናሙና የሚገኘው ምጣኔ፣ ሳምፕሊንግ ዲስትሪቢዩሽን (የናሙና ስርጭት) የሚሉት ነገር አልገባኝም። ቀመሩን እሠራዋለሁ፤ ግን አንድ ጥናት የሚወስደው አንድ ናሙና፣ የሚያገኘውም አንድ ፒ ሃት ነው። አንድ ቁጥር እንዴት ስርጭት ይኖረዋል? የእያንዳንዱ ሰው መልስስ «አዎ» ወይም «አይደለም» ብቻ ሆኖ የግራፉ የደወል ቅርጽ ከየት ይመጣል? እባካችሁ አስረዱኝ።

አስተማሪው
እህቴ፣ ዋናውን ነገር ነው የጠየቅሽው። እዚያ ስርጭት ውስጥ ያሉት ሕፃናት አይደሉም፤ ፒ ሃቶች ናቸው።

እ.ኤ.አ. የ2016ቱ የኢትዮጵያ የስነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 በመቶው የቀነጨሩ (ለዕድሜያቸው ያጠሩ) መሆናቸውን አሳይቷል። የሕዝቡ እውነተኛ ምጣኔ 0.38 ነው እንበል። አንቺ 100 ሕፃናት ብትለኪ 41 የቀነጨሩ ታገኚ ይሆናል፤ ጓደኛሽ ሌሎች 100 ለክታ 35። ኤክሴል ክፈቺና ሞክሪው፦ አንድ ረድፍ ላይ 100 ሴሎችን በራንድ (ከ0 እስከ 1 ያለ የዕጣ ቁጥር በሚሰጠው ፎርሙላ) ሙዪ፣ ከ0.38 በታች የሆኑትን ቁጠሪ። ይህ የአንድ ጥናት ውጤት ነው። ረድፉን ወደ ታች 1000 ጊዜ ጎትተሽ ቆጠራዎቹን በሂስቶግራም አውጪ። 38 አካባቢ ይከመራሉ፤ 20 ወይም 60 ብታዪ ይገርመኛል፣ ምክንያቱም 100 ሲደመሩ የአንዱ «አዎ» በሌላው «አይደለም» ይካካሳል። ደወሉ ከዚህ ድምር ነው የሚመጣው።

የፒ ሃቶቹ ስርጭት ስፋት (ስታንዳርድ ኤረር ወይም ስህተት የሚሉት) የ0.38 × 0.62 ÷ 100 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም 0.0485 ነው። ናሙናውን 400 ብታደርጊው 0.024። ስህተቱን በግማሽ ለመቀነስ አራት እጥፍ ሕፃናት መለካት ግድ ነው፤ የጥናት በጀት የሚያልቀውም እዚህ ላይ ነው።

ጠያቂ
እግዜር ይስጥልኝ፣ አሁን ታየኝ! ግን 0.38ን ካላወቅነው ቀመሩ ውስጥ ምን እናስገባለን?

አስተማሪው
ያገኘሽውን ፒ ሃት። በ0.41 ብትሠሪው 0.0492 ይመጣል፤ ልዩነቱ ኢምንት ነው። ብቻ አዎዎቹም አይደለሞቹም ቢያንስ አሥር አሥር ይሁኑ። 2 በመቶ ብቻ የሚታይን በሽታ በ100 ሰው ብታጠኚ ቅርጹ ወደ አንድ ጎን ይዛነፋል፣ ደወል አታገኚም።

መስክ ላይ የምሠራ
አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ቀመር ሕፃናቱ አንድ በአንድ በዕጣ ሲመረጡ ነው የሚሠራው። ያ የ2016ቱ ጥናት ግን መጀመሪያ 645 የቆጠራ ቦታዎችን መርጦ ከየቦታው ቤተሰቦችን ነው የወሰደው። የአንድ ቀበሌ ልጆች ምግባቸውም የሚጠጡት ውሃም ስለሚመሳሰል፣ ከአንድ ቦታ የተለኩ 20 ልጆች ከተለያየ ቦታ የመጡ 20 ልጆችን ያህል አይነግሩሽም። ትክክለኛው ስህተት ከቀመሩ ይሰፋል። ቴሲስ ስትሠሪ አማካሪሽ «ዲዛይን ኢፌክት» ብሎ ናሙናሽን በ1.5 ወይም በ2 የሚያባዛብሽ ለዚህ ነው።