የዳክዬው ሽጉጥ ፍላት ቲቪ ላይ አልሠራ አለ፤ ጆተኒስ ዛሬ የት ይገኛል?

ካራ_ማዞሪያ

ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንዱ የቴክኒክ ነው፣ ሌላው የናፍቆት።

ካራ እናቴ ቤት ዕቃ ስናወርድ የድሮው ቲቪ ጌም ከካርቶን ውስጥ ወጣ። ከነጆይስቲኩ፣ ከነሽጉጡ፣ ከነካሴቱ። ካሴቱ ላይ «9999 በ1» ይላል። ውስጡ ያለው ግን ያው የምታውቁት ነው፤ ማሪዮ፣ ኮንትራ፣ ታንኩ፣ ዳክዬው፣ ከዚያ እነሱው ራሳቸው ስም እየቀየሩ እስከ መጨረሻው ይደጋገማሉ። ያኔም እስከ ታች ወርደን አዲስ ነገር ስንፈልግ ነበር የምንውለው፣ መቼ ተገኘ!

አሁን የምኖረው አያት ኮንዶሚኒየም ነው። ይዤው መጣሁና ቢጫና ነጩን ገመድ ፍላት ቲቪው ላይ ሰካሁት። ሠራ! ማሪዮ ዘለለ፣ ልጄ ሳቀ። ዳክዬው ላይ ስንደርስ ግን ሽጉጡ አልመታ አለ። አፈሙዙን ስክሪኑ ላይ ለጥፌ ብተኩስ እንኳ ምንም። ውሻው ብቻ ብቅ እያለ ይስቅብናል። ሽጉጡን ፈትቼ አየሁት፤ ውስጡ ሌንስ መሳይ ነገርና ትንሽዬ ሰርኪዩት ናት ያለችው፣ የተቃጠለ አይሸትም። ችግሩ ከሽጉጡ ነው ከቲቪው?

ሁለተኛው፦ ልጄ ጆተኒ ምን እንደሆነ አያውቅም። እኛ የምንጫወትበት ቦታ ላይ አሁን ፎቅ ቆሟል። በካራ፣ በኮተቤ፣ በየካ አባዶ በኩል አሁንም ጆተኒ ያለበት የምታውቁ ጠቁሙኝ። ሞል ውስጥ ካርድ ሞልተህ የምትገባበትን አይደለም የምለው። ሸራ ሥር አፈር ላይ የቆመ፣ አንድ እግሩ በድንጋይ የተደገፈውን ነው የምፈልገው።

ባለ_ካውያው

ሽጉጡ ደህና ነው፣ ደግመህ አትፍታው። ችግሩ ቲቪህ ነው።

ብዙ ሰው ሽጉጡ ወደ ቲቪው ጨረር የሚልክ ይመስለዋል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ብርሃን የሚወጣው ከቲቪው ነው፣ ሽጉጡ ያያል። ቃታውን ስትስብ ጌሙ ለቅጽበት ስክሪኑን ጥቁር ያደርገዋል። ወዲያው ዳክዬዋ ባለችበት ቦታ ነጭ ሳጥን ይሥላል። ያቺ ከሌንሱ ጀርባ ያየሃት ነገር መጀመሪያ ጨለማ፣ ቀጥሎ ብርሃን ካየች መታህ ማለት ነው። ሁለት ዳክዬ ካለ ነጩ ሳጥን ተራ በተራ ይመጣል፣ የትኛዋን እንደመታህ የሚለየው በዚያ ነው። መጀመሪያ ጥቁር የሚሆነው ደግሞ ለተንኮለኛ ነው። ሽጉጡን ወደ አምፖል አዙሮ ሁሉንም ለመጨረስ የሚሞክር ልጅ መቼም አይጠፋም። (እኔም ሞክሬያለሁ፣ ማን ያልሞከረ አለ?)

ይህ ሁሉ የሚያልቀው ዓይን ተርገብግቦ ሳይጨርስ ነው። ባለ ጀርባው ቲቪ የመጣለትን ምስል መስመር በመስመር እዚያው በዚያው ይጥለዋል። ፍላቱ ግን ምስሉን ተቀብሎ፣ አስተካክሎ፣ ለስክሪኑ ልክ አሳድጎ ነው የሚያሳይህ፤ በዚህ መሃል በሰከንድ መቶኛ የሚቆጠር ጊዜ ይዘገያል። ነጩ ሳጥን ስክሪንህ ላይ ሲደርስ ጌሙ «ሳተ» ብሎ ጨርሷል። ቅንብር ብትቀያይርም ለውጥ የለውም። ባለ ጀርባ ቲቪ ፈልግ፣ ሌላ መድኃኒት የለውም።

ለነገሩ ያ የዳክዬ ጌም የኔንቲንዶ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ጃፓን ውስጥ ነው የወጣው። እኛ ሰፈር የገቡት ማሽኖች ግን ኔንቲንዶ የሠራቸው አልነበሩም። በ1983 የወጣውን ፋሚኮም የሚባለውን ማሽን እየገለበጡ የሠሯቸው ናቸው። ስንቱን ጠግኛለሁ መሰላችሁ። ከሁሉም በብዛት የሚመጣው የጆይስቲክ ገመዱ ከሥሩ የተበጠሰ ነው፤ ማሪዮ ሲዘል ልጁም አብሮ እጁን ወደ ላይ ስለሚወረውር።

ሠላሳ_ነፍስ

ባለ ካውያው ይመችህ! እኔ ዕድሜ ልኬን ሽጉጡ ገመድ ያለው ጥይቱ እንዲያልፍበት ይመስለኝ ነበር ሃሃሃ።

ላላወቃችሁ፦ ዳክዬው ላይ አንዷ ዳክዬ ብቻ የምትመጣበትን ስትመርጡ በሌላኛው ጆይስቲክ ዳክዬዋን ማንቀሳቀስ ይቻላል። ታላቅ ወንድሜ ይህን አውቆ ዝም ብሎኝ ኖሯል። እኔ ስተኩስ እሱ ብርድ ልብስ ሥር ጆይስቲክ ይዞ ዳክዬዋን ያሸሻል። «አንተ ዒላማ አታውቅም» እየተባልኩ ነው ያደግኩት።

የኮንትራ ኮድስ? ላይ ላይ ታች ታች ግራ ቀኝ ግራ ቀኝ ቢ ኤ። ሠላሳ ነፍስ። ሁሉም ካሴት ላይ አይሠራም፣ የሚሠራበት ቤት ግን ይታወቅ ነበር። ኮተቤ ገብርኤል አካባቢ በጨዋታ የሚያስከፍል አንድ ቤት ነበር። በሽልንግ ትገባለህ፣ ነፍስህ ስታልቅ ትወጣለህ። ኮዱ ሰፈር ውስጥ የተሰማ ቀን ሰውየው ኪሳራ ውስጥ ገባ፤ አንድ ልጅ በአንድ ሽልንግ ከሰዓቱን ሙሉ ተቀመጠበት። በማግስቱ ሒሳቡ በሰዓት ሆነ።

ቆይቼ ሳነብ ነው የገባኝ፣ የውጭዎቹም ሳንቲም የሚበሉ ማሽኖች ጣጣቸው ይሄው ነበር። ኮንትራ ራሱ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1987 ለሳንቲም ማሽን ነው። ጌሙ ቀላል ከሆነ ልጁ አይነሳም፣ ሳንቲም አይገባም። በጣም ከከበደ ደግሞ ሁለተኛ አይመጣም። ሦስት ነፍስ ተሰጥቶን በየሁለት ደቂቃው የምንሞተው ቀሽም ስለሆንን ብቻ አልነበረም፣ ታስቦበት ነው። ፖንግ የሚባለውን ጌም ደግሞ አታሪ የሚባለው ኩባንያ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1972 ካሊፎርኒያ አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ ለሙከራ አስቀመጡት። ከጥቂት ቀን በኋላ «ማሽናችሁ ቆሟል» ተብሎ ተደወለላቸው። ሄደው ሲከፍቱት የሳንቲም ማጠራቀሚያው ሞልቶ ነው የቆመው!

እኛ ሰፈር ማሽን የሚያቆመው ሌላ ነው። የመጨረሻው ጭራቅ ጋ ደርሰህ፣ ከኋላህ ልጅ ሁሉ ትንፋሹን ይዞ፣ ድርግም። መብራት ሄደ። ገንዘብ አይመለስም።

የጆተኒው_ልጅ

ከአቃቂ ነው የምጽፈው፣ ሴት ነኝ። ይህን የምለው የጆተኒ ወሬ ሲነሳ ሁሌ ወንዶች ብቻ ስለሚያወሩ ነው። አባቴ ፋብሪካ ከወጣ በኋላ ጠረጴዛ ገዝቶ በር ላይ አቆመ። እሱ ሌላ ሥራ ስለነበረው ከትምህርት ቤት ስመለስ ጠባቂዋ እኔ ነበርኩ። ማን ሲያጭበረብር እንደነበር ከሁላችሁም በላይ አውቃለሁ።

ጠረጴዛው ሳንቲም መክተቻ ነበረው፣ ግን ለኛ ሳንቲም ልክ የተሠራ አልነበረም። ስለዚህ አባቴ ዘጋውና ከጎኑ ብረት አበጀ። ገንዘቡን እኔ እቀበላለሁ፣ ብረቱን እስባለሁ፣ ኳሶቹ ግርርር ብለው ይወርዳሉ። ያን ድምፅ ሲሰሙ ከሌላ ሰፈር የሚሮጡ ልጆች ነበሩ። ዋጋው መጀመሪያ ስሙኒ፣ ከዚያ ሽልንግ፣ በኋላ ብር ገባ። ሳንቲሞቹ ላይ አንበሳው ባለበት በኩል ዓመተ ምሕረቱ በግዕዝ ቁጥር ነው የተጻፈው። ፲፱፻፷፱ የሚለውን ማንበብ የተማርኩት ክፍል ውስጥ ሳይሆን እዚያ ቁጭ ብዬ ሳንቲም ስደረድር ነው።

አሁን ስለ ሌብነታችሁ። ጎሉን በካልሲ መወተፍ አንደኛው ነው። የገባው ኳስ ካልሲው ላይ ይቀራል፣ በጣት ያወጡታል፣ እንደገና ይጫወቱበታል። ስለዚህ ሕግ አወጣሁ፤ ጎል ጋ እጁን የከተተ ይወጣል። ሁለተኛው ጠረጴዛውን በጉልበት አንስቶ ማዘንበል ነው። ሦስተኛው ደግሞ ኳስ በኪስ ይዞ መሄድ፣ እሱ በጣም ያናድደኝ ነበር፤ ምክንያቱም ማታ አባቴ ኳሶቹን የሚቆጥረው እኔን አቁሞ ነው።

ጨዋታው ራሱ ግን ሥርዓት ነበረው። ብረቱን ማሽከርከር ክልክል፣ የሚያሽከረክር ፋራ ነው። ከመሃል አምስቱ ወደ ፊት ሦስቱ በእርጋታ አሳልፎ የሚመታ ልጅ ሲመጣ ሰው ይሰበሰባል። ተሸናፊ ይከፍላል፣ አሸናፊ ይቀጥላል። አንድ ዝምተኛ ልጅ ነበር፣ እንጀራ ጋጋሪ እናት ነበረችው፣ አንድ ጊዜ ሽልንግ ይዞ ከመጣ እስኪመሽ አይከፍልም። እኔም ማለዳ ሰው ሳይመጣ ብቻዬን ሁለቱንም ወገን እየዞርኩ እለማመድ ነበር። ቀን ላይ ሴት ልጅ ብረት ስትይዝ ወሬው አያልቅም። አንድ ቀን አራተኛ ሰው ጠፍቶ «እሺ አንቺም ነይ» ተባልኩ። በረኛ አድርገው አቆሙኝ። ከዚያ በኋላ አራተኛ ሰው ጠፋ ብለው አያውቁም ብዬ ልለፈው።

ሸክላ_ወዳጅ

ልጆች እንደምን ዋላችሁ። እኔ ያደግኩት ጉለሌ ነው፣ ያኔ ጉለሌ ማለት የከተማ ዳር ነው። በእኛ ጊዜ ሳንቲም የሚበላው ጁክቦክስ ነበር። ፒያሳ ቡና ቤት ውስጥ ቆሞ መብራቱ ያብለጨልጫል። ሳንቲሙን ትከታለህ፣ ቁጥሩን ትጫናለህ፣ ክንዱ ወጥቶ ሸክላውን ከተደረደረበት መርጦ ያነሳና ያስቀምጠዋል። ዘፈኑን ሳይሆን ክንዱን ለማየት የሚከፍሉ ነበሩ፣ እኔ አንዱ ነኝ።

እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ አምሃ ሪከርድስን ከፍቶ የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ ካወጣ በኋላ ማሽኑ ውስጥ ያለው ያገራችን ዘፈን በዛ። ገንዘብ የሌለን ደግሞ በሩ ላይ ቆመን ሌላ ሰው እስኪመርጥልን እንጠብቃለን። ከአብዮቱ በኋላ ሰዓት እላፊው መጣ፣ ማታው ሞተ፣ ቀጥሎ ካሴቱ ሸክላውን ተካው።

የጆተኒው ልጅ፣ አባትሽ በሕይወት ካሉ ሰላም በይልኝ።

አልናፈቀኝም

ይቅርታ ደስታችሁን ልረብሽ ነው። እኔ ዳቦ ግዛ ተብዬ የተሰጠኝን ገንዘብ ጆተኒ ላይ አስበልቼ ቀበቶ የቀመስኩ ሰው ነኝ። እኛ ሰፈር የነበረው ቤት ውስጥ ሲጋራ ይጨሳል፣ ትልልቆቹ በገንዘብ ይቆማመራሉ፣ ትንንሾቹን ያስፈራራሉ። ፕሌይስቴሽን ቤቱ ሲመጣ ደግሞ የክፍላችን ግማሽ እዚያ ነበር የሚውለው፣ ዊኒንግ የሚባለውን የኳስ ጌም ሲጫወት። አሁን ሁላችሁም ጥሩ ጥሩውን ነው የምታወሩት። ልጅህን አያት ሜዳ ላይ ኳስ አጫውተው ወንድሜ።

ሠላሳ_ነፍስ

የትኛው ሜዳ? አጥር ያልገባለት ካለ አሳየንና እኛም እንምጣ።

የጆተኒው_ልጅ

@አልናፈቀኝም ውሸት አላልክም። አባቴ በገንዘብ የሚቆማመሩትን ያባርር ነበር፣ ጥግ ላይ ሄደው ይጨርሱታል እንጂ አይተዉም። ቀበቶህን ግን ጆተኒው ላይ አታላክ፣ ዳቦውን ያስቀረኸው አንተ ነህ።

@ሸክላ_ወዳጅ አባቴ ደህና ነው ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አነበብኩለት። «እሳቸው ዘመን ማሽን ነበር» አለ።

ካራ_ማዞሪያ

እጅግ አመሰግናለሁ። ባለ ጀርባ ቲቪ ከአንድ ቁራሌው አገኘሁ፣ አንድ አሮጌ የብረት ምጣድና ትንሽ ብር ጨምሬ። መብራቱ ይበራል፣ ድምፅ አለው፣ ምስሉ ግን አንድ ቀጭን ነጭ መስመር ብቻ ሆነ መሃል ላይ። ከፍቼ ልየው?

ባለ_ካውያው

አትክፈት! ከሶኬት ነቅለኸው እንኳ ቱቦው ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ ይወረውርሃል፣ ቀልድ አይደለም። መሃል ላይ አግድም መስመር ብቻ ከሆነ ምስሉን ወደ ላይና ወደ ታች የሚዘረጋው ክፍል ነው የሞተው። ብዙ ጊዜ አንዲት አይሲ ናት፣ ወይም ብየዳው ተሰንጥቆ ነው። የሚያውቅ ሰው ጋ ውሰደው። ከአሥር ዓመት በላይ የሠራ ጠጋኝ ጠይቅ፣ አዲሶቹ ልጆች ስልክ ብቻ ነው የሚያውቁት።

የጆተኒው_ልጅ

ጆተኒውን በተመለከተ፦ የአባቴ ጠረጴዛ አሁንም ጓሮ ቆሟል፣ በላዩ በርበሬ እናሰጣበታለን። ብረቶቹ ዝገዋል፣ ግሪስ ይፈልጋሉ። አንዱ አጥቂ አንገት የለውም። አይሸጥም፣ አባቴን ጠይቄዋለሁ። ልጅህን ይዘህ መምጣት ግን ትችላለህ፣ አቃቂ ከአያት ሩቅ ነው ካላልክ። ኳሶቹን ግን ልጆች ጨርሰዋቸዋል፣ አንድም የለም። መርካቶ ካገኘህ ዘጠኝ ይዘህ ና፣ ስትወጣ እቆጥራቸዋለሁ።