የስኬትቦርድ ሜዳችን ሊፈርስ ነው፣ ምን ይዘን እንቅረብ?

ሰላም ለሁላችሁ። ሰፈራችን ለመልሶ ማልማት ሊፈርስ ነው፣ ስኬትቦርድ የምንነዳበት ሜዳም አብሮ ይሄዳል። ኮንክሪቱን የሞላነው ራሳችን ነን፣ ሲሚንቶ አዋጥተን፣ በየቅዳሜው አሸዋ ተሸክመን። ሁለት ራምፕ (ተዳፋት መንጃ)፣ አንድ የብረት ሬል (ቦርዱን የምናንሸራትትበት ዘንግ)፣ ጠርዙን በብረት የለበጥነው መደብም አለ። ራምፖቹ እዚያው የተሞሉ ስለሆኑ ተነቅለው አይሄዱም። ማዳን የምንችለው ብረቱን ነው፣ እሱ ደግሞ ብቻውን ምን ይሠራል?

ፊርማ አሰባስበን ደብዳቤ አስገብተን ነበር። የመጣው መልስ ግን ያናድዳል፦ በፕላኑ ላይ ቦታው «ክፍት ቦታ» ተብሎ ስለተመዘገበ ምትክ አይሰጠንም አሉ። እንዴ፣ ልጆች ሲወድቁ ሲነሱ የዋሉበት ሜዳ እንዴት ባዶ መሬት ይባላል!

ተስፋ አልቆረጥንም። የለንደን ሳውዝባንክ ስኬተሮች እ.ኤ.አ. በ2013 ቦታቸው ሱቅ ሊሆን ሲል ተሟግተው በ2014 እዚያው እንዲቆዩ ስምምነት ላይ ተደርሷል። በአሜሪካ ፖርትላንድ ያለው የበርንሳይድ ስኬት ሜዳም እ.ኤ.አ. በ1990 ድልድይ ስር ያለ ፈቃድ ተጀምሮ፣ ኋላ ላይ ከተማው ራሱ ተቀብሎታል።

እጃችን ላይ ያለው የፊርማው ዝርዝር፣ የድሮ ፎቶዎችና የሲሚንቶ ደረሰኝ ነው። ፎቶዎቹ ቀን የላቸውም፣ ደረሰኙም በአንድ ልጅ ስም ነው የተቆረጠው። ቀጠሯችን ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ነገር የገጠማችሁ ካላችሁ፣ ቦታው ለዓመታት የስፖርት ሜዳ ሆኖ እንዳገለገለ የሚያሳምን ምን ዓይነት ማስረጃ ይዘን እንቅረብ?