ዋርፋሪን ወይስ አዲሱ ክኒን? ክትትሉስ የት ይሁን?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ብቸና ነው። እህቴ 24 ዓመቷ ነው፤ ከቶንሲል የመጣ የልብ ቫልቭ ጥበት አለባት። የልብ ምቷም ስለሚዛባ ዋርፋሪን የሚባል ደም ማቅጠኛ ታዞላታል። ለደም ምርመራ መመላለሱ ከበደን። አንድ ፋርማሲ «ሪቫሮክሳባን ግዙላት፣ ምርመራ አያስፈልገውም» አለን። የትኛውን ትመክሩናላችሁ? ክትትሉስ ደብረ ማርቆስ ይሻላል ባሕር ዳር?

ምላሽ፦ ወንድሜ፣ እህትህን እግዜር ይማርልህ። ሐኪሟ ሳያውቅ እንዳትቀይሩባት። ለእሷ ዓይነት ሕመም የምጠቁመው ዋርፋሪኑን ነው። ኢንቪክተስ የሚባል ጥናት በ24 አገሮች 4,531 የሩማቲክ (ከቶንሲል የመጣ) ልብ ሕመምተኞችን ተከታትሎ ውጤቱ በፈረንጆቹ 2022 ወጥቷል። ሁሉም የልብ ምታቸው የተዛባ፣ አብዛኞቹም እንደ እህትህ ቫልቫቸው የጠበበ ነበሩ። ሪቫሮክሳባን ከወሰዱት 2,275 ሰዎች 560ው፣ ዋርፋሪንና መሰሎቹን ከወሰዱት 2,256 ደግሞ 446ቱ ስትሮክን የመሰለ ከባድ ጉዳት ወይም ሞት ደርሶባቸዋል። ትልቁ ልዩነት የታየው በሞት ላይ ነው። ሰው ዋርፋሪንን የሚፈራው ደም ያፈሳል ብሎ ነው፤ በዚህ ጥናት ግን በከባድ ደም መፍሰስ በሁለቱ መካከል ጉልህ ልዩነት አልታየም። ሪቫሮክሳባን ቫልቫቸው ላልጠበበ ብዙ ሰዎች ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ፋርማሲውም ያንን አስቦ ይሆናል።

ክትትሉን ደብረ ማርቆስ አድርጉት። ዋርፋሪን ያለ አይኤንአር (ደም ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ የሚያሳይ ቁጥር) ምርመራ አደገኛ ነው፤ ምርመራው ደግሞ ዕድሜ ልክ ስለሚደጋገም ቅርቡ ይበልጣል። ለእሷ ቁጥሩ ከ2 እስከ 3 መሆን አለበት። የትም ብትሄዱ ሳትነሱ ደውላችሁ ምርመራው መኖሩን አረጋግጡ፤ ሪኤጀንት (የመመርመሪያ ኬሚካል) አልቋል ተብሎ ከበር መመለስ ያለ ነገር ነው። የባሕር ዳሮቹን ሆስፒታሎች፣ ፈለገ ሕይወትን ወይም ጥበበ ግዮንን፣ የስፔሻሊስት ውሳኔ ሲያስፈልግ በሪፈር ሂዱበት። ቫልቩ በፊኛ ይከፈት ወይስ በቀዶ ሕክምና የሚለው ከመጣ አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ግቢ ስላለው የልብ ማዕከል ሐኪሟን ጠይቁ።

አሁን ብዙ ሰው የማይነገረው የጎመን ነገር። ዋርፋሪን የሚሠራው ቫይታሚን ኬን በመጋፋት ነው፤ ጎመን ደግሞ በቫይታሚን ኬ የተሞላ ነው። ሁዳዴ ገብቶ ጎመን በየቀኑ ሲበላ አይኤንአሩ ይወርዳል፣ ደሙም ለመርጋት ይቀርባል። ፋሲካ ሆኖ ጎመኑ ሲቀር ቁጥሩ ይወጣል። ስለዚህ ጎመን አትከልክሏት፤ መጠኑ ከሳምንት ሳምንት አይዋዥቅ፣ ጾም ሲገባና ሲፈታም ትመርመር። አረቄ ይቅርባት። ለራስ ምታትም ለወገብም ፓራሲታሞል እንጂ ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን ወይም አስፕሪን አትግዙላት። ለአሜባ ሜትሮኒዳዞል ከታዘዘላት ዋርፋሪን እንደምትወስድ ተናገሩ፤ ቁጥሩን በጣም ያስወጣል። ጠበል ብትገባም ክኒኑ አይቋረጥ።

ወጣት ስለሆነች አንድ ነገር ልጨምር፦ ዋርፋሪን በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ጽንስን ይጎዳል። ማርገዝ ከማሰቧ በፊት ሐኪሟን ታማክር፤ እስከዚያ የሚሆናትን የወሊድ መቆጣጠሪያም እሱው ይምረጥላት።

ዕቃ ለመግዛት ካሰባችሁ የጣት ኦክስጅን መለኪያውን ተዉት፣ ሚዛን ግዙ። ጠዋት ጠዋት ሽንት ቤት ደርሳ ከምግብ በፊት ትመዘን። በሦስት ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመረች ሰውነቷ ውኃ እየያዘ ነውና ቀጠሮ ሳትጠብቁ ውሰዷት። አፏ ከተጣመመ፣ አንድ እጇ ከዛለ ወይም ንግግሯ ከተሳሰረ ደግሞ በዚያችው ሰዓት።

ጥያቄ፦ እግዜር ይስጥልኝ። በየወሩ የምትወጋው የፔኒሲሊን መርፌስ ከዋርፋሪኑ ጋር ይቀጥላል?

ምላሽ፦ ይቀጥላል። መርፌው (ቤንዛቲን ፔኒሲሊን) በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚሰጠው ሕመሙ ተመልሶ ቫልቩን ይበልጥ እንዳያበላሽ ነው፤ ዋርፋሪኑ የሚከላከለው የደም መርጋትን ነው፣ አንዱ ሌላውን አይተካም። ጤና ጣቢያችሁ ስለሚወጋ ለእሱ ሩቅ አትሂዱ። ደም ማቅጠኛ እንደምትወስድ ለነርሷ ንገሩ፣ የተወጋችበትም ቦታ ጫን ተብሎ ይያዝላት። በልታ፣ ውኃ ጠጥታ፣ ጋደም ብላ ትወጋ። ልቧ በጣም ደክሞ ትንፋሽ የሚያጥራት ከሆነ ግን መርፌው በራሱ አደጋ ሊኖረው ስለሚችል፣ በሚዋጥ ፔኒሲሊን ይቀየር እንደሆነ ከሚቀጥለው መርፌ በፊት ሐኪሟን ጠይቁ።