ሬንተን ላይ ምግብ ቤት ልንከፍት ነው፤ ፍራየሩን (በዘይት መጥበሻውን) ከአይዳሆ ላስመጣው?

ሳምቡሳ ሬንተን፦
ጤና ይስጥልኝ። ዕቃ ሻጩ «ይሄኛው የዋሽንግተን ስቴትን የኃይል ቁጠባ ደረጃ አያሟላም፣ ልሸጥልሽ አልችልም» ብሎ ወደድ ያለ ፍራየር አሳየኝ። የአክስቴ ልጅ አዲሱን ከጎረቤት ስቴት ከአይዳሆ ጭኜ ላምጣልሽ ይላል። ሌላ ሰው ደግሞ ያገለገለ ፍራየርና የምግብ ማሞቂያ ካቢኔት ሊሸጥልን ነው። የቱ ያዋጣል? ምጣዱስ በሕጉ ይጠየቃል?

አቤል፦
ያገለገለውን ግዢ። ሕጉ አዲስ ዕቃ ላይ ነው። የተረፈሽን ለኪራይ ያዢው።

የኩሽና ጠጋኝ፦
እህቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። የምግብ ቤት ዕቃ መጠገን ሥራዬ ነው፤ የሐበሻ ኩሽናም ብዙ አይቻለሁ። አቤል ስለ ሕጉ ያለው ልክ ነው። በ2019 የወጣው ሕግ ከጃንዋሪ 2021 ወዲህ የተመረተ አዲስ ፍራየር ኢነርጂ ስታር ከሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የኃይል ቁጠባ ልክ እንዳይወርድ ያዛል፤ ያገለገለ አይነካም። ከአይዳሆ የሚመጣውን ግን እርሺው። ሕጉ ሽያጭን ብቻ ሳይሆን እዚህ በክፍያ ማስገጠምንም ይመለከታል።

ያገለገለውን በዋጋው ብቻ መግዛት ላይ አልስማማም። የእኛ ፍራየር እንደ በርገር ቤት ቀኑን ሙሉ አይጠብስም። ጠዋት ይግላል፣ ሳምቡሳ ሲታዘዝ ጥቂት ደቂቃ ይሠራል፣ ከዚያ እንደጋለ ይቆማል። ረቡዕና ዓርብ፣ ይልቁንም በዐቢይ ጾም፣ ይበረታል እንጂ በሌላው ቀን ቆሞ ነው የሚውለው። ስለዚህ አንቺን የሚጎዳሽ ቆሞ የሚበላው ጋዝ ነው። ደረጃውን የሚያሟላ መደበኛ የጋዝ ፍራየር ቆሞ በሰዓት ከ9,000 ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ ነው) አይበልጥም፤ ተራው 14,000 አካባቢ ይፈጃል። በቀን 10 ሰዓት ከበራ ልዩነቱ 50,000 ቢቲዩ፣ ማለትም ግማሽ ቴርም ነው፤ ቴርም ጋዝ የሚከፈልበት መለኪያ ነው። የቴርሙን ዋጋ ከጋዝ ቢልሽ ላይ አይተሽ በዓመት አባዢው። ያ ሁሉ ትርፍ ሙቀት ደግሞ ኩሽናው ውስጥ ይቀራል፤ በሐምሌ የሚቃጠሉት ሠራተኞችሽ ናቸው።

ለምግብ ማሞቂያ ካቢኔቱ የሕጉ ወሰን በአንድ ኪዩቢክ ፉት 40 ዋት ነው፤ 20 ኪዩቢክ ፉት ከሆነ 800 ዋት ማለት ነው። ወጥ ቀኑን ሙሉ ሞቆ ስለሚቆይ ይሄ ቀላል አይደለም። ያገለገለውን አስበርተሽ ከአንድ ሰዓት በኋላ ውጪውን በእጅሽ ዳስሺው። የሚያቃጥል ከሆነ ግድግዳው ውስጥ ደህና ኢንሱሌሽን (ሙቀት መከላከያ) የለም፤ በነፃም ቢሰጡሽ አትውሰጂ።

ምጣድ በሕጉ የዕቃ ዝርዝር ውስጥ የለም። ይሄ ያንገበግበኛል። በኩሽናችን ረጅም ሰዓት የሚበራው እሱ ሆኖ ሳለ ከሥሩ ሙቀት መከላከያ አድርግ ብሎ አምራቹን የሚያስገድደው የለም። ስትገዢ ከሥር ምን እንዳለው ጠይቂ፤ ሁላችንም ብንጠይቅ አምራቹ ይሰማል።

ሳምቡሳ ሬንተን፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፍራየሩ የኤሌክትሪክ ቢሆንስ?

የኩሽና ጠጋኝ፦
ይቻላል፣ ሙቀቱንም ብዙ አያባክንም። መጀመሪያ ግን ቤቱ ሦስት ፌዝ መስመር (ለትልልቅ ዕቃ የሚሆን የኤሌክትሪክ መስመር) እንዳለው ኤሌክትሪሺያን ይይልሽ። የለውም ካለሽ መስመር ማስገባቱ ከፍራየሩ ሊበልጥ ይችላል። ጋዝም ሆነ ኤሌክትሪክ፣ ገንዘቡን ከመክፈልሽ በፊት ኃይል ለሚያቀርብልሽ ድርጅት ደውለሽ ሪቤት (ቆጣቢ ዕቃ ለገዛ የሚመለስ ገንዘብ) እንዳለ ጠይቂ፤ ከገዙ በኋላ የሚጠይቁ ሰዎች ብዙ ጊዜ ያመልጣቸዋል።