ኦሽዊትዝን ለመጎብኘት የትኛው ወር፣ የትኛው ቀን፣ የትኛው ሰዓት ይሻላል? (ጥቆማ)

በአውሮፓ የሚኖሩ ወይም ለአጭር ጊዜ ወደዚያ የሚጓዙ ወገኖች በፖላንድ የሚገኘውን፣ ናዚ ጀርመን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያቆመውን የሞት ካምፕ የሚያስታውሰውን የኦሽዊትዝ-ቢርከናው መታሰቢያና ሙዚየም ለማየት ሲያቅዱ አስቀድመው የሚጠይቁት የጉዞውን ወቅት ነው። የእኔ ምርጫ ከኦክቶበር መጨረሻ እስከ ኖቬምበር ያለው ጊዜ ወይም የማርች ወር ሲሆን፣ ከሳምንቱ ማክሰኞ፣ ረቡዕ ወይም ሐሙስ፣ ከቀኑ ደግሞ የመጀመሪያው የመግቢያ ሰዓት ተመራጭ ነው እላለሁ። ከእነዚህ መካከል አንዱን ብቻ ማሟላት የሚችል ሰው ካለ ወሩን ትቶ ሰዓቱን ይያዝ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ቀናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሰዓቶቹም በፖላንድ አቆጣጠር ስለሆኑ፣ 7፡30 ሲባል በእኛ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ማለት ነው።

ሰዓቱን ከወሩ ያስቀደምኩት በቦታው አሠራር ምክንያት ነው። በ2019 ብቻ ከ2.3 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ጎብኝተውታል። ይህን ሁሉ ሕዝብ የሚያስተናግዱት፣ በተለይ ኦሽዊትዝ አንድ በሚባለው ዋናው ካምፕ ውስጥ፣ ቀድሞ ለፖላንድ ጦር ሠራዊት የተሠሩ ጠባብ የጡብ ሕንፃዎች ናቸው። የተገደሉት ሴቶች ፀጉር የሚታይበት ብሎክ 4፣ ጫማዎቹና ስም የተጻፈባቸው ሻንጣዎች የተከማቹበት ብሎክ 5፣ እንዲሁም የብሎክ 11 የምድር ቤት እስር ክፍሎች አንድ ቡድን ሳይወጣ ሌላው የሚደርስባቸው ስፍራዎች ናቸው። በጁላይ እኩለ ቀን ላይ የገባ ሰው ከፊቱ ያለው ቡድን እስኪንቀሳቀስ ይጠብቃል፣ ከኋላው ያለው ደግሞ ይገፋዋል፤ አንድ ሻንጣ ላይ የተጻፈውን ስምና የትውልድ ዓመት አንብቦ ሳይጨርስ ከክፍሉ ይወጣል። ከ7፡30 ጀምሮ ባሉት የመጀመሪያ መግቢያዎች ግን፣ በተጨናነቁት ወራት እንኳ፣ ኮሪደሮቹ ገና አልሞሉም። ሳይቸኩሉ ቆሞ ማንበብ የሚቻልበት ሰዓት ይኸው ነው፤ ያለዚያ ጉብኝቱ ሰልፍ ሆኖ ያልቃል።

ወደ ወራቱ ስንመጣ፣ ሜይና ጁን በአየር ጠባይ ረገድ ደስ የሚሉ ቢሆኑም የትምህርት ቤት ጉዞዎች የሚበዙባቸው ናቸው፤ በተለይ ከሜይ 1 እስከ 3 ያሉት የፖላንድ በዓላት ከቅዳሜና እሑድ ጋር ሲገጥሙ የመግቢያ ካርድ ማግኘት እጅግ ይከብዳል። ጁላይና ኦገስት የዓለም አቀፍ ቱሪስት ወራት ናቸው። ሕዝቡ እንዳለ ሆኖ፣ ብዙዎች የማይጠብቁት ችግር ፀሐዩ ነው፤ ሁለተኛው ካምፕ ቢርከናው ከ170 ሄክታር በላይ የሚሸፍን ገላጣ ሜዳ በመሆኑ፣ ከዋናው በር ተነስቶ በባቡር ሐዲዱ አጠገብ እስከ ፈረሱት የጋዝ ክፍሎችና የሬሳ ማቃጠያዎች ድረስ የሚሄድ ሰው በቂ ጥላ አያገኝም። ውኃና ኮፍያ መያዝ ግድ ይላል።

የብርድ ወራት ሕዝብ ይቀንሳሉ፤ ዋጋቸው ግን ቀላል አይደለም። በዲሴምበር የመጨረሻው መግቢያ 14፡00 ላይ ሲሆን፣ ጎብኚ ከዚያ በኋላ በግቢው ሊቆይ የሚችለው ለአንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ነው፤ ፀሐይም ከ16፡00 በፊት ትጠልቃለች። ስለዚህ በዲሴምበር እኩለ ቀን ላይ የሚጀምር የሦስት ሰዓት ተኩል ጉብኝት የቢርከናውን ክፍል የሚያካሂደው በደብዛዛ ብርሃን ነው። በእንጨት የተሠሩት የእስረኞች ማደሪያዎች ማሞቂያ የላቸውም፤ መሬቱም ወይ በረዶ ነው ወይ ጭቃ። ወፍራም ጫማ፣ ጓንትና ረጅም ካፖርት ላለው ጤነኛ ሰው ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ መጥፎ ምርጫ አይደሉም፤ ከአዲስ አበባ በቀጥታ ለሚመጡ አረጋውያን ወላጆች ግን አልመክርም።

እዚህ ላይ ከብዙ አስጎብኚዎችና ተጓዦች የሚሰማ አንድ ምክር አለ፤ የእስረኞቹን ስቃይ ለመረዳት በበረዶ ወቅት መሄድ ያስፈልጋል የሚል ነው። በዚህ አልስማማም። ሞቅ ያለ ካፖርት ለብሶ፣ ከሰዓታት በኋላ ወደ ሆቴል እንደሚመለስ እያወቀ የሚንቀጠቀጥ ጎብኚ በቀጭን የእስረኛ ልብስ ለሥራ የተሰለፈውን ሰው ስቃይ አይቀምስም። ከዚያም በላይ ምክሩ ከታሪኩ ጋር አይገጥምም፤ ከ400,000 በላይ የሃንጋሪ አይሁዶች በባቡር ተጭነው ወደ ኦሽዊትዝ የተጋዙትና አብዛኞቹም እንደደረሱ በጋዝ የተገደሉት ከሜይ እስከ ጁላይ 1944 ባሉት ወራት፣ ዛፎቹ ቅጠል ለብሰው ሣሩም ለምልሞ ሳለ ነበር። ስለዚህ አየሩን የምንመርጠው ለጉልበታችን፣ ለብርሃኑና ለሕዝቡ ብዛት ብለን ይሁን።

መጠንቀቅ የሚገባቸው ቀናት አሉ። ሙዚየሙ ጃንዋሪ 1፣ ዲሴምበር 25 እና በምዕራባውያኑ የትንሣኤ እሑድ ዝግ ነው። የእኛ ፋሲካ በብዙ ዓመታት ከእነርሱ ስለሚለይ፣ የራሳችንን ቀን መቁጠሪያ ብቻ አይቶ የተነሳ ሰው ዝግ በር ላይ ሊደርስ ይችላል፤ የፈረንጅ ገናን ዕረፍት ለዚህ ጉዞ ያሰበም በመካከሉ ሁለት ዝግ ቀናት እንዳሉ አይርሳ። ጃንዋሪ 27፣ ማለትም ጥር 19፣ በ1945 የሶቪየት ጦር ካምፑን ነጻ ያወጣበት ቀን በመሆኑ የመታሰቢያ ሥነ ሥርዓት ይካሄድበታል፤ የመደበኛ ጎብኚዎች መግቢያም ይገደባል ወይም ይዘጋል። በእስራኤል የሆሎኮስት (ናዚዎች በአይሁዶች ላይ የፈጸሙት እልቂት) መታሰቢያ ቀን፣ አብዛኛውን ጊዜ በኤፕሪል አንዳንዴም በሜይ መጀመሪያ፣ ከ1988 ጀምሮ የሚደረገው የሕያዋን ጉዞ በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶችን ከዋናው ካምፕ እስከ ቢርከናው ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል በእግር ያስጉዛል። ጁን 14 የመጀመሪያዎቹ የፖላንድ የፖለቲካ እስረኞች በ1940 ወደ ካምፑ የገቡበት፣ ኦገስት 2 ደግሞ በ1944 በቢርከናው የሮማ (ጂፕሲ እየተባለ የሚጠራው ሕዝብ) ቤተሰቦች ካምፕ ነዋሪዎች የተገደሉበት ሌሊት የሚታወስበት ቀን ነው። በእነዚህ ቀናት ሥነ ሥርዓቱን ለመካፈል አስቦ የሚሄድ ሰው መልካም ያደርጋል፤ ኤግዚቢሽኖቹን በርጋታ ለማየት የፈለገ ግን ሌላ ሳምንት ይምረጥ።

ቀጥሎ የሚመጣው የጉብኝቱ ዓይነት ነው፤ ሰዓቱን በአብዛኛው የሚወስነውም እርሱ ነው። መግቢያው ራሱ ነጻ ሲሆን የሚከፈለው ለአስጎብኚው አገልግሎት ነው። ያለ አስጎብኚ በነጻ የሚገባባቸው ሰዓቶች በሕዝብ በሚበዛባቸው ወራት ጥቂት ናቸው፤ ብዙውን ጊዜም በጣም ማለዳ ወይም ከሰዓት በኋላ ዘግይተው ይገኛሉ። ሙዚየሙ ለእያንዳንዱ ካምፕ ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል እንዲመደብ ስለሚመክር፣ ዘግይቶ በነጻ የሚገባ ሰው ሁለቱንም ካምፖች በአግባቡ የማየት ዕድሉ አነስተኛ ነው። የሙዚየሙ መደበኛ ጉብኝት ሦስት ሰዓት ተኩል ይወስዳል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው የምመክረው እርሱን ነው። ስድስት ሰዓት የሚወስደው የጥናት ጉብኝት በማስተማር ወይም በታሪክ ጥናት ላይ ለተሠማሩ ሰዎች ይስማማል፤ ቀድሞ ያላነበበ ሰው ግን ከአራተኛው ሰዓት በኋላ መስማት ያቆማል። ጉብኝቱ ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች መካከል አማርኛ የለም፤ በእንግሊዝኛ የሚሰጠው በቀኑ ውስጥ ብዙ መነሻ ሰዓቶች ስላሉት፣ እንግሊዝኛ የሚሰማ ሰው የማለዳውን ሰዓት ለማግኘት የተሻለ ዕድል አለው። ሙዚየሙ ከ14 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን መውሰድ አይመክርም፤ እኔም ይህን ምክር እንደ ደንብ ብንወስደው እላለሁ።

አብዛኛው ሰው የሚያድረው ወደ 70 ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው በክራኮው ሲሆን፣ ከዚያ የሚነሡት ሦስቱ መንገዶች በሰዓት ረገድ እኩል አይደሉም። የጉዞ ወኪሎች ከሆቴል አንሥተው የሚመልሱ በመሆናቸው ምቹ ናቸው፤ የሙዚየሙ ካርድ ባለቀበት ቀንም አስቀድመው የያዙት ቦታ ሊኖራቸው ይችላል። ሆኖም ብዙዎቹ የመነሻውን ሰዓት የሚያረጋግጡት በዋዜማው ስለሆነ፣ ማለዳ እሄዳለሁ ያለ ሰው እኩለ ቀን ላይ ሊመደብ ይችላል። ከዚህ የባሰው ኦሽዊትዝንና የቪየሊችካን የጨው ማዕድን በአንድ ቀን አጣምሮ የሚሸጠው ጉዞ ነው፤ የማዕድኑ ጉብኝት በራሱ ጥሩ ሆኖ ሳለ፣ ከቢርከናው ወጥቶ በቀጥታ ወደ መዝናኛ ስፍራ መጣደፍ ለሁለቱም አይበጅም። አውቶቡስ ከክራኮው ዋና ባቡር ጣቢያ ጎን ካለው መናኸሪያ ተነሥቶ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ወደ ሙዚየሙ ያደርሳል። ባቡሩም ተቀራራቢ ጊዜ ይወስዳል፤ ነገር ግን ሙዚየሙ ካለበት ከተማ ከኦሽቪየንቺም ጣቢያ እስከ ሙዚየሙ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል። ወኪል ለማይፈልግ ሰው አውቶቡሱ ይሻላል። በሁለቱ ካምፖች መካከል የሚመላለሰው የሙዚየሙ አውቶቡስ ነጻ ነው።

የመጀመሪያውን መግቢያ ለመያዝ ከክራኮው ከ6፡00 በፊት መነሣት ስለሚጠይቅ፣ የእኔ ጥቆማ በዋዜማው ኦሽቪየንቺም ማደር ነው። ይህ ምርጫ ሌላም ጥቅም አለው። ከጦርነቱ በፊት ከከተማዋ ነዋሪዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አይሁዶች ነበሩ፤ በመሐል ከተማ ያለው የአይሁድ ማዕከልና ከጦርነቱ የተረፈው ምኩራብም ያንን የቀድሞ ኑሮ ያሳያሉ። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ይህን ያየ ሰው በማግስቱ የሚያያቸው ሻንጣዎችና ጫማዎች የጎረቤት፣ የነጋዴና የተማሪ ንብረት እንደነበሩ ይገባዋል። ማዕከሉ ቅዳሜ ዝግ ስለሆነ፣ ቅዳሜ ገብቶ እሑድ ለመጎብኘት ያቀደ ሰው ዕቅዱን በአንድ ቀን ያሸጋሽግ።

ዝግጅቱ በቅደም ተከተል ይሁን፤ አስቀድሞ የሙዚየሙን ካርድ በራሱ በሙዚየሙ ድረ ገጽ መያዝ፣ ቀጥሎ ማደሪያ፣ በመጨረሻም የአውሮፕላን ወይም የባቡር ትኬት። ካርዱ የሚከፈተው ከጉብኝቱ ቀን ሦስት ወር ያህል ቀደም ብሎ ስለሆነ፣ ርካሽ የበረራ ትኬት አይተው መጀመሪያ እርሱን የሚገዙ ሰዎች በኋላ የተረፈውን ሰዓት ለመቀበል ይገደዳሉ። ካርዱ በስም የሚሰጥ ሲሆን መታወቂያ ይጠየቃል፤ የእኛ የስም አጻጻፍ የራስ፣ የአባትና የአያት በመሆኑ፣ በቅጹ ላይ የሚሞላው ስም በፓስፖርቱ ወይም በመኖሪያ ፈቃዱ ላይ ካለው ጋር በፊደልም በቅደም ተከተልም እንዲገጥም ያስፈልጋል። ትልቅ ቦርሳ ስለማይገባ፣ ሻንጣ ይዞ ከአውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ መምጣትም አይመችም።

ወደ ፖላንድ መሄድ ለማይችሉ በቅርብ ያለውን ልጠቁም። በእስራኤል ለሚኖሩ ወገኖች በኢየሩሳሌም የሚገኘው የሆሎኮስት መታሰቢያና ሙዚየም ያድ ቫሼም በነጻ የሚታይ ሲሆን፣ ቅዳሜና በአይሁድ በዓላት ይዘጋል፤ ዓርብ ደግሞ ቀደም ብሎ ስለሚያበቃ ከእሑድ እስከ ሐሙስ ያሉት ቀናት ይሻላሉ። ጠዋት የተማሪዎችና የወታደሮች ቡድኖች ስለሚበዙበት፣ እዚህ ከኦሽዊትዝ በተቃራኒ ከሰዓት በኋላን እመርጣለሁ፤ ሲገቡ ግን እስከ መዘጊያው ሦስት ሰዓት ያህል የቀረ ይሁን። ከ10 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ወደ ታሪክ ሙዚየሙ አይገቡም። በአቅራቢያው በሄርዝል ተራራ ላይ በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ሲጓዙ ለሞቱት 4,000 ያህል የኢትዮጵያ አይሁዶች የቆመው መታሰቢያ ስለሚገኝ፣ የከተማው ቀላል ባቡር ከሚቆምበት ወርዶ ጠዋት ይህን፣ ከሰዓት በኋላ ያድ ቫሼምን ማየት ይቻላል። ብቻ በእስራኤል በየዓመቱ በሚከበረው የኢየሩሳሌም ቀን በዓል በዚያ መታሰቢያ ዓመታዊው ሥነ ሥርዓት ስለሚካሄድ፣ ያን ቀን ሁለቱንም አንድ ላይ ለማየት ማቀድ አይመችም።

በዋሽንግተንና አካባቢው ላሉት በ1993 የተከፈተው የሆሎኮስት መታሰቢያ ሙዚየም አለ። ከማርች እስከ ጁን የትምህርት ቤት ጉዞዎችና የቼሪ አበባ ጎብኚዎች ስለሚያጨናንቁት፣ ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ በሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ መሄድ ይሻላል፤ ለቋሚው ኤግዚቢሽን ሰዓት የተጻፈበት ካርድ ቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል። በሙኒክና አካባቢው ያሉ ደግሞ በ1933 የተከፈተውንና ዛሬ መታሰቢያ የሆነውን የናዚዎች የዳካው ካምፕ በከተማ ባቡርና በአውቶቡስ ሊደርሱበት ይችላሉ፤ ከዲሴምበር 24 በቀር በየቀኑ ክፍት ነው፤ በሴፕቴምበር መጨረሻና በኦክቶበር መጀመሪያ ግን ሙኒክ ለቢራው በዓል በመጡ እንግዶች ስለምትሞላ ማደሪያም ባቡርም ይጣበባል።