«42 ጨዋታ ብቻ»፦ በሜጀር ሊግ፣ በአሜሪካ ቤዝቦል ከፍተኛው ደረጃ፣ የመጀመሪያው ጥቁር ማን ነው?

የኮሎምበሱ፦ ትናንት ማታ ጨዋታውን ያስተላልፍ የነበረው ጋዜጠኛ «በሜጀር ሊግ የተጫወተው የመጀመሪያው ጥቁር ጃኪ ሮቢንሰን ነው» ሲል ሰምቼ ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት። ሮቢንሰን ብሩክሊን ቡድን የገባው በ1947 ሲሆን፣ የኦሃዮው ሞሰስ ፍሊትውድ ዎከር ከእርሱ 63 ዓመት ቀድሞ፣ በ1884፣ ለቶሊዶ ቡድን በካቸርነት (ከመቺው ጀርባ ሆኖ ኳሱን በሚቀበል ተጫዋችነት) ተሰልፏል። ቶሊዶ የተወዳደረበት አሜሪካን አሶሲዬሽንም ሜጀር ሊግ ስለመሆኑ የሚከራከር የለም።

ዳኛው፦ ቴሌቪዥኑ ምን አጠፋ? ዎከር የተጫወተው 42 ጨዋታ ብቻ ነው። በሩን የከፈተው ሮቢንሰን ነው።

የኮሎምበሱ፦ ይህችን «ብቻ» እስቲ እንመርምራት። ካቸሮች የዛሬውን ወፍራም ጓንት በማያውቁበት ዘመን፣ የገዛ ቡድኑ ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) የትኛውን ኳስ እንዲወረውር የሚያሳየውን ምልክት እያየ እንዳላየ የፈለገውን ኳስ እየወረወረበት የተጫወታቸው 42 ጨዋታዎች «ብቻ» ይባላሉ? ያ ፒቸር፣ ቶኒ ማሌን፣ ዎከር አብረውት ከተጫወቱት ካቸሮች ሁሉ የሚበልጥ እንደነበረ፣ ነገር ግን ጥቁር ስለሚጠላ ምልክቱን እንደማይቀበል፣ ከብዙ ዓመት በኋላ በራሱ አንደበት አምኗል።

የኦበርሊኗ፦ ዎከር እኔ በተማርኩበት ኮሌጅ ስላለፈ ለእርሱ ማድላቴ አይቀርም፤ ሆኖም «የመጀመሪያው» ከተባለ፣ በ1879 ለፕሮቪደንስ የተሰለፈውን፣ በባርነት ከነበረች እናት የተወለደውን ዊልያም ኤድዋርድ ዋይትን ለምን ዘለላችሁት?

የኮሎምበሱ፦ እርሱ እኮ አንድ ጨዋታ ብቻ ነው የተጫወተው።

ዳኛው፦ አሁን «ብቻ» ያለው ማን ነው?

የኮሎምበሱ፦ ቃሉን አንስቻለሁ፤ ክርክሩን ግን አላነሣም። ዋይት ነጭ ተብሎ ኖሮ ነጭ ተብሎ ነው የተጫወተው፤ ዎከር ግን ማንነቱ ሳይሸሸግ ነው ስድቡን የተቀበለው። የቺካጎ ቡድን አምበል ካፕ አንሰን በ1883 «እርሱ ካለ አልጫወትም» ብሎ ከፎከረ በኋላ ከመግቢያው ገንዘብ ድርሻውን እንዳያጣ ሲል ወደ ሜዳ መግባቱንም አንርሳ።

ዳኛው፦ አንሰንን ማን ጠበቃ ሆነለት? እኔ የምለው በሩ ተዘግቶ እንደነበረ ነው።

የኦበርሊኗ፦ ጋሼ ዳኛው፣ በሩ ሲዘጋ ውስጥ ሰው ነበረ እኮ! ከሜጀር ሊግ በታች የነበረው የኢንተርናሽናል ሊግ ቡድኖች ባለቤቶች በሐምሌ 1887 ከእንግዲህ ጥቁር ተጫዋች አናስፈርምም ብለው ድምፅ ሲሰጡ፣ ዎከር በዚያው ሊግ ለኒውአርክ ይጫወት ነበር።

ዳኛው፦ እርሱ ራሱስ ቢሆን በ1908 ባሳተመው መጽሐፍ ጥቁሮች ወደ አፍሪካ ይመለሱ ብሎ የለም እንዴ? በአሜሪካ ተስፋ የቆረጠን ሰው የበር ከፋች አታድርጉት።

የኮሎምበሱ፦ ተስፋ ያስቆረጡትን ትተው እርሱን ይወቅሳሉ? በ1924 ሲሞት በስቱበንቪል ያለ ምልክት ተቀብሮ፣ የመቃብር ድንጋይ የተተከለለት በ1990 ነው።

ዳኛው፦ ስለ ድንጋዩ አዝናለሁ። 42 ግን አሁንም 42 ነው።

የኦበርሊኗ፦ የሮቢንሰንም የመለያ ቁጥር 42 ነው፤ እርሱንም «ብቻ» በሉት።