ለልብስ ስብስብ የሚሆን ሐሳብ ከየት ይቀዳል?

መርፌና ክር (ደሴ)፦

ሰላም ለሁላችሁም። ደሴ ከተማ ውስጥ አነስተኛ የስፌት ቤት አለኝ፤ አብዛኛው ሥራዬ ለሠርግ፣ ለምርቃትና ለዓመት በዓል የሚታዘዝ የሐበሻ ቀሚስ ነው። በዚህ ዓመት ግን ከደንበኛ ትእዛዝ ውጪ አሥር ያህል ልብሶችን የያዘ የራሴን ስብስብ ለመሥራት ወስኜ ከተነሣሁ ሁለት ወር ሆነኝ፤ እስካሁን መቀስ ያሳረፍኩበት ጨርቅ የለም።

ችግሬን ሳልደብቅ ልናገር። እስከ ዛሬ የሠራሁት ሁሉ ስልክ ላይ ካየሁት ፎቶ የተቀዳ ነው። ባለፈው ዓመት ለአንዲት ሙሽራ እህት የሰፋሁት ቀሚስ፣ ሌላ ሰፊ ለሌላ እንግዳ ከሰፋው ጋር ከደረቱ ጥልፍ እስከ እጅጌው ጫፍ ድረስ አንድ ሆኖ ድንኳን ውስጥ ፊት ለፊት ተገናኙ። ሁለታችንም ከአንድ ፎቶ እንደቀዳን ለማወቅ ጠያቂ አላስፈለገም። ደንበኛዬ ምንም አላለችኝም፤ ዝምታዋ ግን እስካሁን ይከነክነኛል።

ፒንተረስት የተባለው የፎቶ ድረ ገጽ ላይ አንድ ሰዓት ስቆይ መቶ ሐሳብ ይመጣልኛል፤ ስልኩን ስዘጋው አንዱም አብሮኝ አይቀርም። በሙያው የቆያችሁ ሰዎች የንድፍ ሐሳብ ከየት ትቀዳላችሁ? ሌላም ልጨምር፤ ለሰው ሳሳምር ውዬ የራሴ ቁምሳጥን ሲከፈት የሚታየው አንዱ ከአንዱ የማይሄድ ልብስ ነው። የዚህስ መላው ምን ይሆን?

ሐረጎ (ኮምቦልቻ)፦

አብሽሪ እህቴ፤ ባዶ ወረቀት ይዞ ሁለት ወር መቀመጥ በዚህ ሥራ ያለ ነገር ነው። የልብስ ቅድ በማስተማር ብዙ ዓመት ስላሳለፍኩ በተማሪዎቼ ላይ ደጋግሜ ያየሁትን ልንገርሽ። ያለቀ ልብስ ፎቶ ላይ ጨርቁም፣ ቅዱም፣ ቀለሙም ተወስኖ ስላበቃ ለተመልካቹ የሚተርፈው መገልበጥ ብቻ ነው። ልብስ ያልሆነ ነገር ሲታይ ግን «ይህ በጨርቅ እንዴት ይሆናል?» የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ንድፍም ከዚያ ጥያቄ ይወለዳል። ፈረንሳዊው ኢቭ ሳን ሎራን እ.ኤ.አ. በ1965 የሆላንዳዊውን ሠዓሊ የፒየት ሞንድሪያንን ሥዕሎች መነሻ አድርጎ የሠራቸውን ቀሚሶች አስቢ። ሥዕሉ ጠፍጣፋ ነው፣ የሴት ሰውነት ግን ጠፍጣፋ አይደለም፤ እሱ እያንዳንዱን የቀለም አራት ማዕዘን ለብቻው ቆርጦ ሲገጣጥም ሰውነትን የሚከተለውን ቅርጽ በመገጣጠሚያዎቹ ስፌት ውስጥ ስለ ደበቀው ቀሚሱ ቀጥ ያለ መስሎ ይታያል። ሠዓሊው ያላሰበውን ጥያቄ ሰፊው በመርፌ መለሰው።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። ሰኞ ማለዳ ተነሥተሽ የሐረጎን ተራራ መንገድ ይዘሽ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም ወደ ባቲ ገበያ ውረጂ፤ ስልክሽን ቦርሳ ውስጥ ክተቺው፣ ደብተርና እርሳስ ያዢ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናትና ስትነሺ ሰዉ ጋቢና ካፖርት ደርቧል፤ ኮምቦልቻ ስትደርሺ ሹራቡ ወልቆ ክንድ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ባቲ ደግሞ አማራው፣ ኦሮሞውና አፋሩ የሚገናኙበት ገበያ ስለሆነ ስስ ጥጥ፣ ሽርጥና ጥቁር ሻሽ ይጠብቅሻል። በአንድ ጠዋት መንገድ ልብስ ከሰው ላይ ድርብ በድርብ ሲቀንስ ታያለሽ። አሥር ልብስ ላለው ስብስብ ይህ መንገድ ብቻውን ይበቃል ባይ ነኝ፤ የመጀመሪያው ከባድና ድርብርብ፣ አሥረኛው አንድ ጨርቅ ይሁን።

ገበያው ውስጥ ከብዙ ነገር ይልቅ አንድ ነገር ተጠግተሽ ተመልከቺ። እኔ ግመል ከሚሸጥበት አጠገብ ያየሁት የአንድ ሽማግሌ ሽርጥ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ወገባቸው ላይ በታጠፈበት በኩል ቀለሙ የደረቀ በርበሬ ይመስላል፤ ጉልበታቸው ላይ ፀሐይ አንሥቶት ሸክላ መስሏል፤ ጫፉ ደግሞ ከአቧራው አይለይም። ሦስት ቀለም ከአንድ ጨርቅ ላይ፣ ያውም ማንም ሳይመርጣቸው የተስማሙ።

የላሊበላን መስቀል ቀሚስ ደረት ላይ መጥለፍ ግን በጣም ስለ በዛ ብትተዪው እመክራለሁ። ቤተ ጊዮርጊስን ካሰብሽ አይቀር አሠራሩን አስቢ። ከአንድ አለት ላይ እየተቀነሰ የተገኘ ሕንጻ ነው፤ ከጨርቅ ላይ ክር እየመዘዙ ንድፍ ማውጣት ለእሱ ይቀርባል።

የሸማኔ ልጅ (ወልድያ)፦

ከላይ የተሰጠው ምክር መልካም ሆኖ ሳለ ጨርቁን ራሱን ዘሎታል። አባቴ ሸማኔ ስለነበሩ ያደግሁት የመወርወሪያ ድምፅ እየሰማሁ ነው። በባህላዊው ሽመና መወርወሪያው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ስለሚወረወር የሸማው ወርድ የሸማኔው ክንድ ከሚደርስበት አያልፍም። ብዙ ሰፊዎች ይህን ጥበት እንደ ጉድለት ቆጥረው ለፋብሪካ ጨርቅ በወጣ ቅድ ሊቆርጡት ይሞክራሉ፤ ጥለቱ በእጅጌው ኩርባ ላይ ለሁለት ተቆርጦ ሳይ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ያመኛል። ጥለት ባለቀለም ክር እየገባበት ከሸማው ጋር አብሮ የሚሸመን ነው፤ ስንት ቀን እንደወሰደ የሚያውቀው የሠራው ሰው ነው። ስለዚህ ወረቀት ላይ ከመንደፍሽ በፊት ሸማውን መሬት ላይ ዘርግተሽ ጥለቱ ጉልበት ላይ፣ ክርን ላይ ወይስ ጀርባ ላይ እንደሚያርፍ ወስኚ፤ ቅዱ ጥለቱን ይከተል።

ደግሞም ነጠላ ሁለት ድርብ፣ ጋቢ አራት ድርብ ነው። ከላይ የተባለውን ከደሴ ወደ ባቲ መውረድ በድርብ ብዛት ልታሳዪው ትችያለሽ።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። የነጠላ ጥለት ወደ አንገት ወጥቶ ሲለበስ በእኛ ዘንድ ሐዘን ነው። ለውበት ብለሽ ሞዴሎችሽን እንዲያ ብታለብሺ ከተመልካቹ መካከል ያሉ እናቶች ማን እንደሞተ መጠየቃቸው አይቀርም።

ባቲያዊት፦

ወደ ገበያችን መምጣትሽ ደስ ይለናል፤ ስልኩን ቦርሳ ውስጥ ክተቺ የተባለውን ግን እኔ በሌላ ምክንያት እደግመዋለሁ። ሰው ሊሸጥና ሊገዛ ወጥቶ ሳለ ሳያስፈቅዱ ፎቶ የሚያነሡት በዝተዋል። የወደድሽው ልብስ ካለ ጠጋ ብለሽ ሰላምታ ስጪ፣ ከየት እንደተገዛ፣ ለምን እንዲያ እንደሚታሰር ጠይቂ። የሚነግሩሽ ነገር ከምታዪው ይበልጣል፤ ሽርጥን ለመንገድ፣ ለሥራና ለመስጊድ የሚያስሩበት መንገድ ሁሉ አንድ አይደለም።

አምስት ድምፅ (ሐይቅ)፦

የቁምሳጥኑን ጥያቄ ማንም ስላልነካው እኔ ልሞክር። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የቆሙ ቅኝቶች ናቸው፤ ባቲና አምባሰል ደግሞ ስማቸው ከዚሁ ከወሎ ምድር ነው። በአምስት ድምፅ ይህ ሁሉ ዘፈን ከወጣ፣ በአምስት ቀለም የአንድ ሰው ልብስ እንዴት አይወጣም ብዬ ከሦስት ዓመት በፊት ሞከርኩት። ልብሴን በሙሉ አልጋ ላይ አውጥቼ ባለፈው ወር የለበስኳቸውን ብቻ ለይቼ ሳስቀምጥ ሰባት ሆኑ፤ ሰባቱም በቡና፣ በአመድና በጥቁር ሰማያዊ ዙሪያ የሚውሉ ነበሩ። ምርጫዬን እኔ ሳላውቀው እጄ ያውቀው ኖሯል። በእነዚያ ላይ ነጭና አንድ የበርበሬ ቀይ ጨምሬ፣ ከአምስቱ ውጪ የሆነ ልብስ ምንም ቢያምረኝ አልገዛም።

ይህ ልብስን አሰልቺ ያደርጋል የሚል ካለ አንድ ካፖርቴን ላሳየው እወዳለሁ። ከቦንዳ የገዛሁት አመድማ የሱፍ ካፖርት ነው፤ ገበሩ አልቆ ስለነበር አስፈትቼ በእናቴ አሮጌ ቀሚስ ጨርቅ አስቀየርኩት፤ ጥለቱ በውስጥ ጠርዙ በኩል ቁልቁል ይወርዳል። ቁልፉን ስፈታ ካልሆነ በቀር አይታይም።

መርፌና ክር (ደሴ)፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ በተለይ ሐረጎ እና የሸማኔ ልጅ፣ እናንተን አንቱ ብል ይሻለኛል። ሰኞ ባቲ ወርጄ ነበር። ፎቶ አላነሣሁም፤ አንዲት ቅቤ የሚሸጡ እናት ሻሻቸውን እንዴት እንደሚያስሩ ሁለት ጊዜ ፈትተው አሳዩኝ፣ በሦስተኛው እኔን አሰሩኝና ጎረቤቶቻቸው ሁሉ ሳቁ። ከዚያ መልስ ሦስት ንድፍ ወጣልኝ። አንደኛው አራት ድርብ ሆኖ ከትከሻ የሚወርድ ካባ ነው፤ ሁለተኛው ጥለቱ ጀርባ ላይ ብቻ ያረፈ ቀሚስ ነው፤ ሦስተኛው ገና እጅጌው እምቢ ብሎኛል።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ጥለቱን በዚያ በሸክላው ቀለም ማሠራት እፈልጋለሁ፤ የጠየቅኳቸው ሸማኔዎች ግን ያላቸው ክር ወርቃማ፣ አረንጓዴና ቀይ ብቻ ነው አሉኝ።

የሸማኔ ልጅ (ወልድያ)፦

አንቱታው ይቅርብኝ፣ ዕድሜዬ ገና ነው። ክሩን ራስሽ ገዝተሽ ውሰጂላቸው፤ ብዙዎቹ ደንበኛ ባመጣው ክር ይሠራሉ። ከመስጠትሽ በፊት ግን ጥቂቱን ቆርጠሽ በሞቀ ውኃና በሳሙና ከነጭ ጨርቅ ጋር እጠቢው። ነጩ ላይ ቀለም ከለቀቀ አትስጪያቸው፤ አንድ ጊዜ ከተሸመነ በኋላ ሸማውን ሁሉ ያበላሸዋል። የእጅጌውን ነገር ደግሞ ንድፉን እዚህ ብታሳዪን እናየዋለን።